ይርጋ የሌላት

ከፍርድ ቤቱ በር ማዶ፣ ከዋንዛው ጥላ ሥር፣
ጠረጴዛ አለችኝ፣ የታሰረች በምስማር።
ከላይዋ ላስቲክ ወጥሬያለሁ፤ የጅማን ሰማይ ማን ያምናል፣
ጠዋት ፀሐይ አስጥቶ፣ ስድስት ሳይሞላ ያርሳል።

ራፖር ጸሐፊ ይሉኛል፣ ስሜ ለጥቂቱ ብቻ፤
ገጹን በአርባ ብር፣ ክስም ይሁን ማመልከቻ።
ተማም አባ ቢያ ነኝ፤ የተመረቅሁት በአፈር፤
የፈለግሁት ሕግ ነበር።

አንደኛ ዓመት፣ ዶርም ሰባት፣ ስምንት ልጆች ባንድ ክፍል፣
ሌሊት ሌሊት አምፖል ሥር፣ ነጥብ ስንደምር፣ ስናካፍል፤
የሕግ ትምህርት መግቢያው፣ ሦስት ነጥብ ሁለት ተባለ፣
የኔ ሦስት ነጥብ አንድ ሰባት፣ በር ላይ ቆሞ ዋለ።
ሦስት መቶኛ፤ ጤፍ ብትሆን እፍኝ አትሞላም፣
በሷ ስንጥቅ የገባ ልጅ ግን፣ እስከ ዛሬ አልወጣም።

ያጎደለችኝ አንዲት ሲ ነች፤ ሎጂክ የተፈተንኩ ለታ
ወባ ይዞኝ ስንቀጠቀጥ፣ እርሳሴ ዴስኩን ሲመታ፣
«ሰው ሁሉ ሟች ነው፤ ዲኖም ሰው ነው፤ ስለዚህ…» ላይ ደርሼ፣
ስለዚህ ምን እንደሚሆን ረሳሁት፣ ላብ ለብሼ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፣ ሂርማታ ገበያ ጥግ፣
ለካባዬ ጥቁር ጨርቅ ገዝቷል፣ ልጄ ሊማር ነው ብሎ ሕግ።
ውጤቱን ስነግረው፣ መቀሱን አንስቶ ዝም አለ፤
ያ ጨርቅ በሁለት ሳምንት፣ ለወንድሜ ሱሪ ዋለ።
ወንድሜ ያንን ሱሪ ለብሶ፣ ኳስ ሲራገጥ አዌቱ ዳር፣
ጉልበቱ ላይ የተቀደደው የኔ ችሎት ነው፣ እል ነበር።

የመጀመሪያው ማመልከቻዬ የራሴው ጉዳይ ነበረ፣
«ውጤቴ ዳግም ይታይልኝ» ብሎ ደጅ ያደረ።
አመልካች፦ እኔ። ተጠሪ፦ ሬጅስትራር። ማስረጃ፦ የክሊኒክ ካርድ።
መልሱ በቀይ እስክሪብቶ፦ «ጊዜው አልፏል።» ያለ ፍርድ።
ሁለት ቀን ዘግይቼ ኖሯል። ያን ሁለት ቀን ተኝቼ ነበር፣
ግሉኮስ እጄ ላይ ተሰክቶ፣ ጠብታ ጠብታ ስቆጥር።

ምደባው ሰሌዳ ላይ ወጣ፤ ስሜ ከአፈር ጋር ተጻፈ፤
«አፈር ሆንክ ወይ?» ብሎ ዶርሙ፣ ሳቁ ሴሚስተር አለፈ።
አካፋ ይዤ ጉድጓድ ቆፈርኩ፣ ቀለሙን ከካርድ አስተያየሁ፤
ለመመረቂያ እንጂ፣ ለዚህ ነው ብዬ መች አየሁ።

ዛሬ የሰው ሕግ አውቃለሁ፣ በጆሮ የገባኝን ያህል፣
ከውርስ እስከ ሁከት ይወገድልኝ፣ አንቀጹን በቃል።
ብድር ባሥር ዓመት ይታገዳል፤ ስርቆትም ይርጋ አለው፤
የኔዋ ሲ ብቻ ይርጋ የላት፤
አሥራ አራት ዓመት ከስሳኝ፣ ገና ምስክሯን ያልጨረሰች ናት።

ረውዳ ሼህ ኑራ፣ ያኔ ከጎኔ የተፈተነች፣
ሦስት ነጥብ ሁለት አንድ አመጣች፤ ዛሬ ጠበቃ ነች።
ከባጃጅ ስትወርድ በዝናብ፣ ካባዋን ጠቅልላ በላስቲክ፣
«አካም ተማም» ትለኛለች፤ እኔ የሚታየኝ ሎጂክ።
ምቀኛ አይደለሁም። ውሸቴን ነው። በወር አንዴ እሆናለሁ፣
የቤት ኪራይ ቀን ሲደርስ፤ ከዚያ ደግሞ እተዋለሁ።

ባለፈው ግንቦት ከሰቃ፣ ወይዘሮ ዘምዘም መጡ፣
ጎረቤት ድንበር ገፍቷቸው፣ ቁጣቸውን እንደዋጡ።
«የጥንቱ ድንበር ቦይ ነበር፤ ደፈነውና አረሰው።
ምስክር የለኝም ልጄ፤ የሚያውቀውን አፈር አለበሰው።»

አፈር። እዚች ቃል ላይ እስክሪብቶዬ ቀጥ አለ።
ውሃ ዘመን የተኛበት፣ ከሥሩ ግራጫ ነው እንዳለ፤
ዝገት የመሰለ ነጥብ አለው፤ ቢያርሱት አይዋሽም፤
ሁለት ክንድ ቆፍሮ ላየው፣ መሐላ አያስፈልግም።
ጻፍኩት፦ «ባለሙያ ይላክ፤ ይቆፈር፤ አፈሩ ይጠየቅልኝ።»
ረውዳ ለተከሳሽ ቆማ፣ አንብባ ስትወጣ ሳቀችልኝ።
«ይህን የት ተማርከው?» አለችኝ።
ሦስት መቶኛ ስንጥቅ ውስጥ፣ ልላት ነበር፤ ከበደኝ።

ቀጠሮው ለኅዳር ነው። እንግዲህ ዳኛው ያውቃል።
ዝናቡም መጣ። ላስቲኬን ስስብ፣ ተረኛው ቆሞ ያየኛል።
ሰው ሁሉ ሟች ነው፤ ተማምም ሰው ነው፤ ስለዚህ…
ይምጡ አባባ፣ እንዳይረጥቡ፤ ጠጋ ይበሉ ወደዚህ።